ፎጣ፣ ኮረንቲ እና የገደብ አያት

የካቲት 3፣ ሰኞ

አማቼ ባርናባስ ዛሬ ከሥራ ሲመለስ በባጃጅ የሽቦ ሣጥን ጭኖ መጣ። ውስጡ ሁለት ጅራት የሌላቸው አይጦች አሉ። አይጥ አይደሉም ይላል። ጊኒ ፒግ ነው አሉ ስማቸው። ገሪማ የሚባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሲዛወር ለልጆቹ ብሎ ሰጠው። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ጥሎ አይሄድም። የተዋቸው ምክንያት ቢኖረው ነው።

ልጆቹ አበዱ። ያብስራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሉሲ አራት። ቡናማዋ ጸጉሯ ረጅም ስለሆነ ሉሲ “ፎጣ” አለቻት። ነጩ ሲነኩት ተፈናጥሮ ይሸሻል፤ እሱን ያብስራ “ኮረንቲ” አለው።

ሣጥኑን የት አኖሩት? ጓሮ ባለችው ባዶ ክፍል። ያቺን ክፍል አከራዩ ብዬ ስንቴ ተናገርኩ። ልጄ ናፍቆት “ትቆይ እማዬ” ትለኛለች። ለምን እንደምትቆይ አሁን ገባኝ። ባዶ ክፍል ያስጠይቃል፤ እንስሳ ያለበትን ክፍል ግን የሚጠይቅ የለም። ለአንድ ሰው ይዘውለታል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

እንዳልኩት ነው። ባርናባስ በረንዳ ላይ በስልክ ከእናቱ ጋር ሲያወራ መስኮት ሥር ነበርኩ። በጌዴኦኛ ነው የሚያወራው። አርባ ስምንት ዓመት ዲላ ኖሬ ጌዴኦኛ አልሰማም። ያስተማረኝ የለም። ግን “ክፍል” እና “ሐኪም” የሚሉትን ለይቻለሁ።

ይሄ ቤት የእኔና የባሌ ነው። እሱ ነፍሱን ይማረውና ፊደል እንዳልቆጥር ከልክሎኝ ሞተ። የባሌ ወንድም ወረቀት አንብቦልኝ በጣቴ ስፈርም የጎን መሬታችን ሄደ። ያን ጊዜ ነው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቀበሌው የማታ ትምህርት ቤት የገባሁት። የልጅ በምታክል ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ “ሀ ሁ” አልኩ። ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም። ይሄን ደብተርም ማንም አያነበውም፤ ፍራሼ ሥር ነው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሽታው! ሽንታቸው ጓሮውን ሞላው። ናፍቆት የቆረጠችው ካርቶን በአንድ ቀን ይበሰብሳል። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ እናምጣ ይላሉ፤ ቀለምና ቫርኒሽ የነካው ነው።

እኔ ነኝ መላውን ያገኘሁት። ቡና መቀሸሪያው፣ የቡናው ገለባ የሚፈለፈልበት፣ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ሰብስቤን አውቀዋለሁ። አንድ ጆንያ የቡና ገለባ በነጻ ሰጠኝ። ደረቅ፣ ቀላል፣ ሽታውን የሚውጥ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ስንዝር አለበስኩላቸው። አይጦቹ ገብተው ቆፈሩ፣ አፋቸው ውስጥም እያደረጉ ያኝካሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ባርናባስ “እማማ፣ እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!” አለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ እኔ ያልኩት ነገር ሲመሰገን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ምን ሊያስፈርመኝ ፈልጎ ይሆን?

የካቲት 14፣ ዓርብ

መጣች። የባርናባስ እናት፣ ከገጠር፣ ከገደብ። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይመጣሉ፤ ተመዝግባለች፤ ተራዋ መጋቢት 19 ነው። እስከዚያ ምርመራ አለባት ብለው ከወዲሁ አመጧት። አምስት ሳምንት! የአምስት ሳምንት እንግዳ እንግዳ ነው?

ለማደሪያዋ የጓሮውን ክፍል ሰጧት። ከእንስሳቱ ጋር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሁለት እስር የስኳር ድንች ሐረግ ተሸክማ ነው የመጣችው። ለእኔ ሳይሆን ለአይጦቹ። ዓይኗ አያይም፣ ጣቷ ያያል። ፎጣን ከሣጥን አውጥታ ሆዷን ዳሰሰችና “ይሄ ይዟል” አለች። አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል፤ እኔንም “አንተ” ነው የምትለኝ። ያረገዘች ከሆነ ይሄኔ ጎተራ ታክል ነበር፤ እንጃላት።

ቀጥሎ ገለባውን በጣቷ አሸች። አሸተተችው። “የናፍቆት እናት፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። እኛ ቤት ይሄ ቡና ሥር ነው የምንጥለው። ከብት አይተኛበትም።”

“ከተማ ነው ያለሽው” አልኳት። “እዚህ ቡና ሥር የለም።”

ናፍቆት በዓይኗ ገሰጸችኝ። ከመጣች ገና አንድ ቀኗ ነው፤ የእኔን ሥራ ማጣጣል ጀመረች።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጾም ገብቷል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ድሮ “እምዬ!” ብለው ወደ እኔ ነበር። አሁን ቦርሳቸውን ጥለው ወደ ጓሮ ነው። ሴትዮዋ ከየአጥሩ ሥር ቅጠል በመዳሰስ ትለቅማለች። ልጆቹ ያበላሉ። አይጦቹ ድምጿን ሲሰሙ ያፏጫሉ። እኔ ስገባ አያፏጩም።

ምን ቅጠል እንደሆነ ማን ያውቃል? ዓይን የሌለው ሰው የለቀመው ቅጠል።

የካቲት 23፣ እሑድ

ሌሊቱን ሣጥኑ ሲንኳኳ አደረ። ጠዋት ሄጄ አየሁ። ኮረንቲ ዙሪያውን ይሮጣል፣ ይጋጫል፣ ይንቀጠቀጣል። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ስሙን አስመሰከረ አልኩ ለያብስራ። አልሳቀም።

የካቲት 24

ተቅማጥ ያዛቸው። ሁለቱንም። ሌላ ጆንያ አምጥቼ አዲስ ገለባ ጨመርኩ፤ ንጽሕና ይሻላቸዋል።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ኮረንቲ ሞተ።

ያብስራ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኝቶት አላስቀብር ብሎ አለቀሰ። ሉሲ “መቼ ይነሳል?” ትላለች። እኔም አዘንኩ፤ ማንም አያምነኝም እንጂ። ማለዳ ማለዳ ትንሽ ጎመን እሰጠው ነበር። ከእጄ ይበላ ጀምሮ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ናፍቆት ወጥ ቤት ገብታ “ምን ነካቸው እማዬ?” አለችኝ።

“እኔ ምን አውቃለሁ። ቅጠል መብላት ከጀመሩ ወዲህ ነው” አልኩ።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ምንም ማለቴ አይደለም። ከጀመሩ ወዲህ ነው አልኩ።”

ይሄን ብቻ ነው ያልኩት። ስም አልጠራሁም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ሀዲጃ፣ ጎረቤቴ፣ ጨርቅ ሻጯ፣ የማታ ትምህርት ቤትም አብራኝ የነበረች፣ ሱቋ በር ላይ ያዘችኝ። “ተናኜ፣ የአማቻችሁ እናት አይጦቹን መርዝ አበላች ይባላል፤ እውነት ነው?”

“ማን አለሽ?”

“ሉሲ ናት። ለእኔ ልጅ ነገረችው።” ሳቀች። “አንቺ ደግሞ ስትሰሚ ደስ እንዳይልሽ፣ ጾም ነው!”

ደስ አላለኝም። ሉሲ ከየት ሰማችው? ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ከነበረ ልጅን ደጅ ማቆም የእናቷ ጥፋት ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ሄደች።

ትናንት ማታ እራት ላይ ሴትዮዋ ለሉሲ የበቆሎ እሸት ስትሰጣት ልጅቷ እጇን መልሳ “አልበላም፣ አንቺ መርዝ ታበያለሽ። ኮረንቲን አንቺ ነሽ የገደልሽው” አለቻት። ባርናባስ ልጁን ሊመታ ተነሳ። እናቱ ክንዱን በዳሰሳ ይዛ አስቀመጠችው። “አትምታ። ልጅ ከራሱ አያወራም” አለች።

ይሄን ስትል ፊቷ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። አታይም እኮ። ግን ዞሮ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ። ባርናባስ “እናቴ፣ ዓይንሽስ?” ብሎ ለመናት። “ሐኪሙ ሲመጣ ትመጫለሽ?” አላት። “መርዝ ከተባልኩበት ቤት ቁጭ ብዬ ዓይኔን አላስገፍፍም” አለች። ኋላ ወደ ጌዴኦኛ ዞሮ ሲለምናትም፣ እሷ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ መለሰች።

ክፍሉ ባዶ ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ቅጠል ቆሟል። ልጆቹ አንድ ቅጠል አላበሉም፣ እኔ ነኝ የማያቸው። ፎጣ ግን ዛሬ ትንቀጠቀጣለች።

ምናልባት ቀድሞ የበላችው ነው። በሆድ የሚቆይ መርዝ አለ ይባላል።

መጋቢት 4

ባርናባስ የከብት ሐኪም ጠርቷል። ዘነበ የሚባል። እሱና ናፍቆት ሥራ ስለሚውሉ እኔ ነኝ የማሳየው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፎጣን መዳፉ ላይ አስቀምጦ “እትዬ፣ እኔ በሬ ነው የለመድኩት፣ ይቺስ የበሬ ጆሮ አታክልም” አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ልቧን አደመጠ። “ልቧ ከልክ በላይ ይሮጣል። ቡና የጠጣ ሰው ይመስል። ምን ትበላለች?”

“ጎመን፣ ካሮት።”

“የምትተኛው ምን ላይ ነው?”

“ሳር ላይ” አልኩት።

ሳርም ነበረበት እኮ። ልጆቹ የጣሉት ሳር ከላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ ማየት የሱ ሥራ ነው፤ የተጠራበት ነው። መድኃኒት በጠብታ ሰጠኝና ሄደ።

የሚሸት ነገር ስላልወደድኩ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን አጸዳሁት። ገለባውን በሙሉ አወጣሁ፤ ሁለቱንም ጆንያ። ባጃጅ ጠርቼ ራቅ ካለው ቆሻሻ መጣያ አስጣልኩት። ሣጥኑን በሙቅ ውኃ አጥቤ ደረቅ ሳር አነጠፍኩ። ለሽታው ነው። ከልጆቹ ማንም አልነበረም።

ናፍቆት ስትመጣ “ገለባው የት ሄደ?” አለች።

“ሐኪሙ ሳር ይሻላል አለ።”

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ፎጣ በላች። ካሮት፣ ቆስጣ፣ የሳሩንም ግማሽ። አፏጨች። ስገባ ነው ያፏጨችው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ባርናባስ ፎጣን ሲያያት ቆይቶ ለናፍቆት “እናቴ ከሄደች በሳምንቱ ዳነች” አላት። ድምፁ ደረቅ ነበር።

“ምን ልትል ነው?” አለችው።

“ምንም። እሷ እኮ ዓይኗ አያይም። ምን እንደለቀመች እሷም አታውቅ ይሆናል። ሆን ብላ አይደለም።” ወጥቶ ጓሮ ቆመ። ሰው እናቱን በልቡ ጥፋተኛ ሲያደርግ ይሄንን ይመስላል።

እኔ ምንም አላልኩም። ያልኩት ነገር የለም። ያልኩት የለም ማለት ጥፋት አይደለም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

አባ ዘመንፈስቅዱስ፣ የንስሐ አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። “አባ፣ እንስሳ ሳይታወቅ ሲሞት ኃጢአት ነው?” አልኳቸው።

“ምን ዓይነት እንስሳ?”

“ትንሽ። አይጥ መሳይ።”

ሳቁ። “ተናኘወርቅ፣ የአይጥ ሐዘን ውስጥ ነሽ? እንስሳው ግድ የለም። በዚያ ምክንያት የተጎዳ ሰው አለ ወይ?”

“የለም” አልኩ።

የለም አልኩ! በጾም፣ ለንስሐ አባቴ። ስወጣ ነጠላዬ እግሬን ጠልፎ ሊጥለኝ ነበር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ፎጣ ወለደች! ሦስት። አንዱ ሞቶ ነው የተወለደ፤ ሁለቱ ጸጉር ያላቸው፣ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ወዲያው የሚሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሴትዮዋ ይዟል ያለችው እውነት ነበር።

ያብስራ ለገደብ አያቴ ልንገራት ብሎ ደወለ። ስልኩን አነሳች። “ጥሩ ነው ልጄ” ብላ ዘጋች። አትመጪም ወይ ሲላት ነው የዘጋችው።

ሉሲ ግልገሎቹን አልነካም አለች። “እኔ የነካኋቸው እንደሆነ ይሞታሉ?” አለችኝ። ለምን ይሞታሉ አልኳት። “አያቴ ነክታው ሞተ” አለች።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። አራት ቀን ቀርቶታል።

ሰባ ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ በሚመጣው ዓመት ይምጡ አይምጡ የሚያውቅ የለም። የሉሲን ፊት አይታው አታውቅም፤ ሉሲ ስትወለድ ሞራው ሸፍኖት ነበር። ባርናባስ ነው የነገረኝ፣ ማለትም ለናፍቆት ሲነግራት ሰማሁ።

ሰው ሁሉ ሲያታልለኝ ኖሬያለሁ ብዬ ነበር። የባሌ ወንድም ያን ወረቀት ሲያነብልኝ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔም “ሳር ላይ” ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ይሄን ለምን ጻፍኩ?

መጋቢት 16

ለናፍቆት ገደብ እሄዳለሁ አልኳት። “አንቺ? ገደብ? ለምን?” ልጆቹ ስላለቀሱ አልኳት። ግንባሬን በእጇ ነካች፣ ትኩሳት እንዳለኝ ልታይ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ፣ ገደብ

በባርናባስ እናት ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ሚኒባሱ መንገድ ላይ ባለችው ፍስሐ ገነት ሰው ሲያወርድ ዝናቡ ጀመረ፤ ገደብ ስደርስ ወርዶ ወርዶ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። አንዲት ልጅ መራችኝ። ሴትዮዋ ቡና ዛፎቿ መካከል ተቀምጣ አረም በጣቷ እየፈለገች ትነቅላለች። የቡናው ሥር ሁሉ በጥቁር የበሰበሰ ገለባ ተሸፍኗል። ጫማዬ ሰመጠበት።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“የናፍቆት እናት ነህ? በዝናብ?”

“ልጆቹ ላኩኝ።”

“ልጆቹ አንተን አይልክም።” ተነስታ ወደ ቤት መራችኝ፤ እንደምታይ ሰው ነው የምትሄደው፣ በገዛ ቤቷ። ወተት አቀረበችልኝ። ጾም ነው አልኳት። ወተቱን አነሳችና የተቀቀለ ድንች አመጣች።

“ፎጣ ወለደች” አልኩ።

“ነግሮኛል ልጁ።”

“ከነገ ወዲያ ሐኪሞቹ…”

“ዓይኔ ይቅር። ብዙ አይቷል፣ ይበቃዋል። ልጅ መርዝ ብሎኛል።”

“ልጅ ናት፤ የሰማችውን ነው።”

“ከማን ሰማ?”

ድንቹን ላጥ አደረግሁ። ትኩስ ነበር፣ ጣቴን አቃጠለኝ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። እንደሷ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም።

“ከእኔ” አልኩ።

“ነጩን ማን ገደለ?”

“ገለባው ይመስለኛል።”

“ይመስልሃል?”

“ገለባው ነው።”

“ገለባውን ማን አመጣ?”

“አንቺ እኮ ታውቂያለሽ!” ጮህኩባት። በቤቷ ጮህኩባት።

“እኔ አውቃለሁ” አለች። “አንተ ማወቅህን ግን አላውቅም ነበር።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሺ፣ ትመጫለሽ? አልኳት። እመጣለሁ አለች፤ ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ ነገር አይበቃኝም አለች። “ለእኔ ማውራት ቀላል ነው። ልጅቷ ይስማ። ልጄም ይስማ። ከዚያ እገባለሁ።”

ለባርናባስ ሲነገር ምን ይለኛል? ቤቱ የእኔ ነው፣ ማንም አያስወጣኝም። ወረቀቱን ራሴ አንብቤዋለሁ። ግን ቤት ውስጥ እያሉ መባረር አለ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ፣ ዲላ

በአሥር ሰዓት ደረስን። የቤታችን በር ላይ ስንደርስ “እዚህ እቆያለሁ” አለች። ሀዲጃ ከሱቋ ወንበር አወጣችላትና ጎኗ ተቀመጠች። “ተናኜ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ? ሞራውን አንቺ ነሽ እንዴ የምትገፈፊው?” አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ባርናባስ ከሥራ መጥቶ ነበር። ናፍቆት፣ ያብስራ፣ ሉሲ፣ ሁሉም። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ተቀምጬ ቢሆን አልጨርሰውም ነበር።

ገለባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። አያታችሁ ጥሩ አይደለም ብላኛለች፣ አልሰማኋትም። ኮረንቲ ሲሞት ቅጠል ነው አልኩ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። ፎጣ የዳነችው ገለባውን ስጥለው ነው፣ እሷ ስለሄደች አይደለም። አያታችሁ ማንንም አልገደለችም።

ባርናባስ ወጥቶ እናቱን ክንዷን ይዞ አስገባት፤ በአጠገቤ ሲያልፉ የእሱ ትከሻ ነካኝ፣ ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ናፍቆት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያብስራ “እኔ ነበርኩ ገለባውን የበተንኩት፣ አብሬሽ” ብሎ አለቀሰ። አንተ አይደለህም አልኩት። ሦስት ጊዜ አልኩት።

ሴትዮዋ ገብታ ተቀመጠች። ሉሲ ፈራ ተባ እያለች ከፎጣ ግልገሎች አንዱን አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። አሮጊቷ በጣቷ ጀርባውን አሻሸች፣ ቀለሙ ምንድነው አለች፣ ልጅቷ ነገረቻት። ፋሻው ሲፈታ ራስሽ ታይዋለሽ አላት ያብስራ። ሐኪሞቹ ከማለዳው በአንድ ሰዓት ይጀምራሉ፤ ናፍቆት ፈቃድ ወስዳለች፣ ባርናባስም።

እራት ቀረበ። ለእኔም ቀረበልኝ። ሁሉም ይበላል። ሉሲ ግን ስታስብ ቆይታ ነበር መሰል፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ ጮክ ብላ ጠየቀች።

“እምዬ፣ አያቴን ገድላለች ብለናት ወደ ገደብ ሄደች። አሁን አንቺ ነሽ የምትሄጂው?”

ናፍቆትን አየሁ፣ ባርናባስን አየሁ፣ ሴትዮዋን አየሁ። ይሄንን የምጽፈው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የመለሰላት ሰው የለም።